በፈረሰው ቪላ የተቀበሩት ሕፃናት

ከሮማ በስተሰሜን፣ በቲቤር ወንዝ ሸለቆ አጠገብ፣ ሉኛኖ ኢን ቴቬሪና የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በአቅራቢያዋ የአንድ ባለጸጋ የገጠር ቤት ፍርስራሽ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ባለርስቶች የሚያርፉበትንና እርሻቸውን የሚያስተዳድሩበትን ቤት የጥንት ሮማውያን «ቪላ» ይሉት ነበር። ይህ ቪላ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ፈርሶ ባዶውን ቀረ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ በፕሮፌሰር ዴቪድ ሶረን የሚመሩ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቦታውን መቆፈር ጀመሩ። በፈረሱት ክፍሎች ውስጥም በ450 ዓ.ም. ገደማ የተቀበሩ የ47 ሕፃናት ዐፅም አገኙ። ከእነዚህ የሚበዙት ጨቅላዎች፣ ብዙዎቹም ወራቸው ሳይሞላ የተወለዱ ነበሩ። አንዳንዶቹ የተቀበሩት በሸክላ እንስራ ውስጥ ነው። በመቃብሩ ቦታ የቡችሎች ዐፅምና የቁራ ጥፍር ተገኝቷል። የአንዲት የ3 ዓመት ልጅ እጅና እግር ድንጋይና ሸክላ ተጭኖበት ነበር። በ2018 ደግሞ ድንጋይ በአፉ የተደረገበት የ10 ዓመት ገደማ ልጅ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ምን ይነግረናል? ሕፃናቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተከታትለው መቀበራቸው ወረርሽኝ እንደነበረ ያመለክታል። ፕሮፌሰር ሶረን ወባ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር፤ በ2001 የታተመ ምርመራም በ3 ዓመቷ ልጅ አጥንት ውስጥ ፋልሲፓረም የተባለውን ገዳይ የወባ ተውሳክ ምልክት አገኘ። ይህ ተውሳክ እርጉዞችን እንደሚያስወርድም የታወቀ ነው። ክርስትና የመንግሥቱ ሃይማኖት ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ወደ አስማት የተመለሰው፣ ሙታኑ ተነሥተው መዓቱን እንዳያስፋፉ ስለፈራ ነው ሲሉ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ።

በእነዚያ ወላጆች ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ጣሊያኖች በሽታውን «መጥፎ አየር» ብለው የሰየሙት ምክንያቱን ስላላወቁት ነው። ተውሳኩን ላቬራን በ1880፣ በወባ ትንኝ መተላለፉን ሮስ በ1897 እስኪያገኙት ድረስ ዓለም ሁሉ በጨለማ ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን ዕውቀቱ ብቻውን አላዳነም፤ በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ተገምቷል።

የሉኛኖ ወላጆች አጎበርም መድኃኒትም አልነበራቸውም። እኛ ግን አለን። ስለዚህ ወደ ቆላ ለሥራ የሚላክ ወጣት ሁሉ ይህን ዕውቀት ለሕዝቡ ማድረስ ዋና ተግባሩ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም እንላለን።