ቁና ቁና ሳይተነፍሱ

እህል በረንዳ ላይ ቁና መስፈሪያ ነው። ሰው ላይ ሲሆን የትንፋሽ መለኪያ ይሆናል፤ ዳገት የሮጠ ወይም ልቡ የደከመ ሰው «ቁና ቁና ይተነፍሳል» እንላለን። ከልብ ሕመም በኋላ አቅምን ለመመለስ የሚሠራው ስፖርት ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፤ ትንፋሽ ፈጠን ይበል እንጂ ቁና አይድረስ።

አንድ የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ እናስብ። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ይቀመጣል። ሻይ ይመጣለታል፣ ጣቃውን ልጁ ያወርድለታል፣ ዕቃውን ተሸካሚ ያመላልስለታል። ሲመሽ ተነሥቶ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ልቡን የታመመ ቀን ደግሞ ዘመድ ሁሉ «በል ተኛ፣ እንዳትነሣ» ይለዋል።

ድሮ ሐኪሞችም ይህንኑ ነበር የሚሉት። ሃርት አታክ ያጋጠመው ሰው ለሳምንታት ከአልጋ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች ሕመምተኛውን ቶሎ አውርደው ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ያኔ ይህም ድፍረት ነበር። በዓመቱ ተመራማሪው ጄሪ ሞሪስ የሎንዶን አውቶቡስ ሾፌሮች ከረዳቶቻቸው ይልቅ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አሳየ። ረዳቱ የባለ ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላላ! አውቶቡስ ተራ ቆሞ የታዘበን ሰው ነገሩ ብዙም አይገርመውም። (ሾፌሮቹ ገና ሲቀጠሩም ሱሪያቸው ሰፋ ያለ እንደነበር ሞሪስ ራሱ ኋላ ደርሶበታል፤ ጥፋቱ የወንበሩ ብቻ አልነበረም።)

ነጋዴያችን ሐኪሙ ሲፈቅድለት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈተነው በ6 ደቂቃ እርምጃ ነው፤ ሜዳ በሆነ ኮሪደር እየተመላለሰ ስንት ሜትር እንደሄደ ይለካል። ከዚያ በቀን ጥቂት ጊዜ 5፣ 10 ደቂቃ ወክ ያደርጋል፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ ቀስ ብሎ ያቆማል፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ 30 ደቂቃ ያድጋል። ደረቱ ተከፍቶ የታከመ ከሆነ አጥንቱ እስኪገጥም ሁለት ሦስት ወር ጣቃ ማንሣት የለም።

የእርምጃውን ልክ ለማወቅ የልብ ምት መቁጠር ለሁሉም ሰው አያዋጣም፤ እንደ አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶች ምቱን ይይዙታል። ለእኛ ሰው የሚሻለው ሰላምታ ነው። ማለዳ ሱቅ ሳይከፈት ከአንዋር መስጊድ ወደ ራጉኤል ሲያዘግም ጎረቤቱ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ቢለው፣ «እግዜር ይመስገን፣ አንተስ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እናትህን ተሻላቸው?» ብሎ ከጨረሰ ልኩ ነው። መዝፈን ካማረው ዘግይቷል። ራሱን ብቻ ከነቀነቀ ፈጥኗል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና አየሩ ስስ መሆኑም አይዘንጋ።

ደረት ሲያፍን፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ሲሄድ፣ ሲያዞር ወዲያው ማቆም ነው፤ ካልተወ በቀጥታ ሆስፒታል። እግር ማበጥና በጥቂት ቀን 2 ኪሎ መጨመርም ለሐኪም የሚነገር ነው።

በአገራችን ብዙ ወጣት ልቡን የሚታመመው ግን በመቀመጥ አይደለም፤ በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ቫልቩን ጎድቶት ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ከሚያክማቸው መካከል እነዚህ ይገኙበታል። ቫልቩ ክፉኛ የጠበበበት ሰው ሐኪም ሳያየው በራሱ ስፖርት ሊጀምር አይገባም።

ነጋዴያችን ወደ ሱቁ ሲመለስ ጣቃውን አሁንም ልጁ ነው የሚያወርደው። ሻዩን ግን ራሱ ሄዶ ይጠጣል።