የብር ጽዋና የምራት ሸክም

ጃፓን ውስጥ መቶ ዓመት ለደፈኑ ሰዎች መንግሥት ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ የሚጠጣበት የብር ጽዋ ይሸልማል። ልማዱ በ1963 ሲጀመር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመላ አገሪቱ መቶ የደፈኑት 153 ብቻ ነበሩ። በ2024 ከ95,000 በለጡ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ወጪው ስለበዛ ከ2016 ጀምሮ የሚሰጠው ብር ቅብ ጽዋ ነው።

ሕዝብ አረጀ ሲባል የሰው ዕድሜ ስለረዘመ ብቻ ይመስለናል። ዋናው ምክንያት ያለው ግን ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ ከ1947 እስከ 1949፣ በጃፓን በየዓመቱ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ይወለዱ ነበር። ወዲያው ወሊድ አሽቆለቆለ፤ በ1949 አንዲት ሴት በአማካይ ከአራት በላይ ትወልድ ነበር፣ በ1957 ግን ሁለት ገደማ ሆነ። በ2024 ወደ 1.15 ወርዷል። ከታች የሚተካው ሲያንስ ከላይ ያሉት ድርሻቸው ይሰፋል። ያ ትውልድ መጀመሪያ ትምህርት ቤቶችን አጨናነቀ፣ ቀጥሎ ፋብሪካዎችን ሞላ፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁሉ 75 ዓመት አልፏቸዋል። ነገሩ ከእኛ የራቀ አይምሰለን፤ በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአዲስ አበባ አማካዩ 1.8 ልጅ ነበር።

ይበልጥ የከበደው ፍጥነቱ ነው። 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ድርሻ ከመቶ 7 ከነበረበት 14 እስኪደርስ በፈረንሳይ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ጃፓን ከ1970 እስከ 1994 ባሉት 24 ዓመታት እዚያ ደረሰች። አሁን 29 ገደማ ሆኗል።

ታዲያ የደከመውን ማን ይጡር? እኛ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለን የምንመርቀው ነገር በጃፓን የሚወድቀው አንዲት ሴት ላይ ነበር፤ በበኩር ልጅ ሚስት፣ በምራቲቱ ላይ። አማቶቿን የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ሌሊት ተነሥታ የምታገላብጠው እሷ ነበረች፤ ድካሟን እንደ ሥራ የቆጠረላት አልነበረም። በ1973 መንግሥት 70 ዓመት ለሞላቸው ሕክምናን በነጻ ሲያደርግ ብዙ ቤተሰብ አዛውንቶቹን ሆስፒታል አስተኛ። ከሕመማቸው ያገገሙት እንኳ የሚጦራቸው ስለሌለ አልጋ እንደያዙ ቀሩ።

በኤፕሪል 2000 የእንክብካቤ መድን ሥራ ጀመረ። 40 ዓመት የሞላው ሁሉ ያዋጣል፤ ከወጪው ግማሹ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከግብር ይሸፈናል። አረጋዊ ሲደክሙ ከማዘጋጃ ቤቱ የሚላክ መርማሪ ቤታቸው ድረስ መጥቶ 74 ነጥቦችን ያጣራል። አልጋ ላይ መገላበጥ ይችላሉ? ምግብ ይውጣሉ? ያለንበትን ወቅት ያውቃሉ? ኮምፒውተር ከመልሶቹ በቀን ስንት ደቂቃ እርዳታ እንደሚያሻቸው ያሰላል፤ የሐኪሙን አስተያየት ጭምር የሚያይ ኮሚቴ ከሰባቱ ደረጃዎች በአንዱ ይመድባቸዋል። ልጅ አላቸው ወይ፣ ምራታቸው ቤት ትውላለች ወይ የሚለው ደረጃውን አይለውጠውም። የሚለካው ድካማቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ሚኒባስ መጥቶ ወደ መዋያ ይወስዳቸዋል፤ ታጥበው፣ ምሳ በልተው፣ ሰውነታቸውን አፍታተው ይመለሳሉ። ከአልጋ መነሣት ለማይችሉት ገንዳው ራሱ ቤታቸው ይመጣል። ነርስ ያለችበት ቡድን ተገጣጣሚ ገንዳ ከመኪና አውርዶ አልጋው አጠገብ ይዘረጋል፣ ሙቅ ውኃ በቱቦ ይሞላል፣ አረጋዊውን ቀስ ብሎ ያስገባቸዋል። ይህን ቅንጦት የሚል ሰው የአልጋ ቁራኛ የሆነ ወላጅ አጥቦ አያውቅም። ለአገልግሎቱ አብዛኛው ሰው ከራሱ የሚከፍለው አንድ አሥረኛውን ነው።

ጀርመን በ1995 ተመሳሳይ መድን ስትጀምር ቤተሰብ በአገልግሎቱ ፈንታ ገንዘብ እንዲወስድ ፈቅዳ ነበር። በጃፓን ለሴቶች የሚሟገቱ ማኅበራት ይህን ተቃወሙ፤ ገንዘቡ ቤት ከገባ ምራቲቱ ተመልሳ አልጋው አጠገብ ትታሰራለች አሉ። ሕጉም አገልግሎት እንጂ ገንዘብ አይስጥ ተባለ። ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

በእርግጥ ርካሽ አይደለም። 65 ዓመት የሞላው ሰው አማካይ ወርኃዊ መዋጮ ሲጀመር 2,911 የን ነበር፤ ከ2024 ጀምሮ 6,225 ሆኗል። አረጋውያንን ይረዳሉ ስለተባሉ ሮቦቶች ብዙ ተወርቷል፤ የሚያጥበውና የሚያጎርሰው ግን ዛሬም የሰው እጅ ነው፣ እሱም ከኢንዶኔዥያ፣ ከፊሊፒንስና ከቬትናም ጭምር የሚመጣ።

መድኑ ከመጣ በኋላም የቤተሰብ ሸክም ጨርሶ አልቀረም። በ2007 በአይቺ ግዛት የመርሳት ሕመም የነበረባቸው የ91 ዓመት አዛውንት፣ የ85 ዓመት ባለቤታቸው ሸለብ ባደረጋቸው ቅጽበት ከቤት ወጥተው ባቡር ገጫቸው። የባቡር ድርጅቱ ለደረሰበት ኪሳራ ቤተሰቡን ከሰሰ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ካሣ ፈረዱ። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቤተሰቡ ዕዳ የለበትም ብሎ ፍርዱን ሻረው። በሚቀጥለው ዓመት ያማቶ የተባለችው ከተማ፣ የመርሳት ሕመም ይዟቸው ከቤት ወጥተው ለሚጠፉ ነዋሪዎቿ የአደጋ መድን ከራሷ ካዝና መክፈል ጀመረች።