ስፒከር ከመግዛታችን በፊት፦ አምፕሊፋየሩ የት ነው?

ወረታ — ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ወረታ የፎገራ ሜዳ የሩዝ ገበያ ማዕከል ናት። የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያቋርጡት በዚህ ሜዳ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ለገበያ የሚቀርብበት ወቅት፣ ሲታሰብ የቆየ የቤት ዕቃ የሚገዛበትም ጊዜ ነው። ከሚገዙት ዕቃዎች አንዱ ሬዲዮና ሙዚቃ ለማዳመጥ የሚያገለግለው ስፒከር ነው።

በአማርኛ «ድምፅ ማጉያ» የሚለው መጠሪያ ለሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ያገለግላል። አንደኛው ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያጎለብተው አምፕሊፋየር ሲሆን፣ ሁለተኛው የጎለበተውን ምልክት ወደሚሰማ ድምፅ የሚለውጠው ስፒከር ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሚገዛ ሰው፣ የምርቱን ገንዘብ ከፍሎ ሁለት ትልልቅ ሳጥኖች በባጃጅ አስጭኖ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ድምፅ የማይሰጡ ሆነው ሊያገኛቸው ይችላል። ምክንያቱ የሳጥኖቹ መበላሸት ሳይሆን አምፕሊፋየር የሌላቸው መሆኑ ነው።

ስፒከሮች በዚህ ረገድ በሁለት ይከፈላሉ። «ፓሲቭ» የሚባለው በውስጡ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ዉፈር፣ ቀጭኑን የሚያወጣ ትዊተር፣ እንዲሁም ድምፁን ለሁለቱ የሚያከፋፍል ከጥቅል ሽቦና ከካፓሲተር የተሠራ ክፍል ብቻ ይዟል። ስለሆነም ከውጭ አምፕሊፋየር ጋር በሽቦ መገናኘት ይኖርበታል። «አክቲቭ» የሚባለው ግን አምፕሊፋየሩን በሳጥኑ ውስጥ የያዘ ነው። በብዙ ቤቶች «ጂፓስ» እየተባለ የሚጠራው ዓይነት ከዚህኛው ወገን ይመደባል። ለሠርግና ለስብሰባ የሚከራየው፣ በጣሊያን አምራች ስም «ሞንታርቦ» የሚባለው ግዙፍ ስፒከር ደግሞ በሁለቱም ዓይነት ይገኛል።

ለመለየት የሚያስቸግር አይደለም። የሳጥኑን ጀርባ መመልከት በቂ ነው። ወደ ሶኬት የሚገባ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለው አክቲቭ፣ ቀይና ጥቁር የሽቦ ማሰሪያ ብቻ ካለው ፓሲቭ ነው። አክቲቮቹ ጥንድ ሲሆኑ ግን አምፕሊፋየሩ በአንደኛው ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል።

የአክቲቭ ዋነኛ ጥቅም አምራቹ አምፕሊፋየሩን ከስፒከሩ ጋር አስማምቶ ማቅረቡ ነው። ገዢው የእጅ ስልኩን ወይም ቴሌቪዥኑን አገናኝቶ ወዲያውኑ ማዳመጥ ይችላል። ጉድለቱ የሚታየው ብልሽት ሲያጋጥም ነው። የአምፕሊፋየሩ ክፍል ከተቃጠለ ሳጥኑ በሙሉ ዝም ይላል፤ ለጥገናም ሳጥኑን በሙሉ መፍታት ወይም ማጓጓዝ ይጠይቃል።

ፓሲቭ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ሲበላሽ እርሱ ብቻ ይጠገናል ወይም ይለወጣል፤ ስፒከሩ ለዓመታት ያገለግላል። ቤት ውስጥ የተቀመጠ የአሮጌ ቴፕ ስፒከርም ሾጣጣው ካልተቀደደ በአነስተኛ አምፕሊፋየር እንደገና ሊሠራ ይችላል። ይሁን እንጂ ማስማማቱ የገዢው ኃላፊነት ይሆናል። በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው ኦም፣ አምፕሊፋየሩ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ መጠን ማነስ የለበትም። ቢያንስ 8 ኦም ከሚጠይቅ አምፕሊፋየር ጋር 4 ኦም ስፒከር ቢገናኝ፣ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ኃይል እንዲሰጥ ስለሚገደድ ሊግልና ሊቃጠል ይችላል።

ለፎገራ አካባቢ ቤተሰብ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። በ220 ቮልት ብቻ የሚሠራ አክቲቭ ስፒከር መብራት ሲቋረጥ ዝም ይላል። በ12 ቮልት የሚሠራ የመኪና ዓይነት አነስተኛ አምፕሊፋየር ከፓሲቭ ስፒከር ጋር ሲገናኝ ግን ከባትሪ መሥራት ይችላል። ለአብነት ያህል ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ 240 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል። ባትሪው ቶሎ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ 15 ዋት ለሚወስድ አምፕሊፋየር 8 ሰዓት ይበቃል። ባትሪው በፀሐይ ኃይል ሊሞላ ስለሚችልም የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሳቸው ቤቶች ያገለግላል። የ12 ቮልት መግቢያ ወይም የራሳቸው ባትሪ ያላቸው አክቲቭ ስፒከሮችም ስላሉ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋት ቁጥርም ብዙዎችን ያሳስታል። «ፒኤምፒኦ» ተብሎ የሚጻፈው በሺዎች የሚቆጠር ዋት ስፒከሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል አያሳይም፤ መታየት ያለበት «አርኤምኤስ» የሚለው ነው። ከሶኬት 60 ዋት እንደሚወስድ በጀርባው የተጻፈበት መሣሪያ 1,000 ዋት ያለማቋረጥ ሊሰጥ አይችልም። ለአንድ የመኖሪያ ክፍል ጥቂት ዋት ብዙውን ጊዜ በቂ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሲሞከርም በጆሮ የሚታወቅ ዜማ ቢከፈት ይመረጣል። የማሲንቆው ድምፅና የዘፋኙ ቃል ጠርቶ ሊሰማ፣ የከበሮው ምት ደግሞ ሳይንጫጫ ሊለይ ይገባል። ድምፁን ከፍ ማድረግ ብቻ የስፒከሩን ጥራት አያሳይም።

ከተገዛ በኋላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሜዳው በክረምት ውኃ የሚተኛበት በመሆኑ ስፒከሩን ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ነጎድጓድ ሲኖር ከሶኬት መንቀል፣ ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታም ስታብላይዘር መጠቀም ዕድሜውን ያራዝመዋል።

በአጠቃላይ ኤሌክትሪክ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያገኝና ምንም መሣሪያ የሌለው ገዢ አክቲቩን ቢመርጥ ከድካም ይድናል። አሮጌ ስፒከር ወይም አምፕሊፋየር ያለው፣ አልያም በባትሪ የሚጠቀም ቤተሰብ ግን በፓሲቩ ይበልጥ ይጠቀማል። ስለሆነም ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን በቅድሚያ ሊጠይቀው የሚገባው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ሳይሆን «አምፕሊፋየሩ የት ነው?» ብሎ ነው።