ለኤሌክትሮኒክ ወኪል የሚሰጥ የመሣሪያ መግለጫ እንዴት እንደሚጻፍ

በንግድ ሥራ ወኪል ማለት በባለቤቱ ስም የሚገዛ፣ የሚሸጥና የሚጻጻፍ ሰው እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ሰው ያልሆነ ወኪል መጥቷል። ይኸውም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው፣ በተለምዶ «ኤጀንት» እየተባለ የሚጠራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ይህ ወኪል በሰው ቋንቋ የታዘዘውን ተረድቶ የመጋዘን መዝገብ ይመረምራል፤ ዋጋ ያሰላል፤ ለደንበኛ መልስ ይጽፋል፤ ከተፈቀደለትም ትእዛዝ ያስተላልፋል።

ወኪሉ እነዚህን ሥራዎች የሚፈጽመው «መሣሪያ» በሚባሉ ረዳት ፕሮግራሞች አማካይነት ነው። ኦፕን ኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ሞዴሎቹ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለመጥራት እንዲችሉ አደረገ። አንትሮፒክ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያም በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. መሣሪያዎችና ወኪሎች የሚገናኙበትን የጋራ ደንብ ይፋ አወጣ። በሁለቱም አሠራር መሣሪያው ለወኪሉ የሚቀርበው በስሙ፣ በጽሑፍ መግለጫውና በሚቀበላቸው ዝርዝሮች ነው። ወኪሉ የመሣሪያውን የውስጥ አሠራር አያይም፤ የንግድ ቤቱንም ልማድ አያውቅም። በመግለጫው ያልተጻፈውን ገምቶ ይሠራል፤ የግምቱም ኪሳራ የሚወድቀው በነጋዴው ላይ ነው።

ስለዚህ መግለጫውን ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ መተው አይገባም። ባለሙያው ፕሮግራሙን ያውቃል፤ ዕቃውን፣ ሚዛኑንና የገበያውን ደንብ የሚያውቀው ግን ነጋዴው ነው። በአጻጻፉም የሚከተሉትን ነጥቦች መጠበቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ መለኪያው በግልጽ ይጻፍ። «መጠን» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ወኪሉ 100 የሚለውን ቁጥር ኪሎ ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። በቡና ንግድ ግን 100 ፈረሱላ 1,700 ኪሎ ነው፤ 100 ኩንታል ከሆነ ደግሞ 10,000 ኪሎ ይሆናል። ስለሆነም «መጠን በፈረሱላ፤ 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው» ብሎ መጻፍ ይገባል። ዋጋም እንደዚሁ በብር ወይም በዶላር መሆኑ፣ ለውጭ አገር ገዢ በሚቀርብበትም ጊዜ የመርከብ ኪራይና መድን የተጨመረበት ወይም ያልተጨመረበት መሆኑ ይገለጥ።

2ኛ/ የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ይለይ። 5/1/2018 ተብሎ የተጻፈ ቀን በእኛ ዘንድ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ማለት ነው። መግለጫው ይህን ካላስረዳ፣ ወኪሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 5 ወይም ሜይ 1 ቀን 2018 ነው ብሎ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓትም በአውሮፓ አቆጣጠር 9 ሰዓት መሆኑ አይዘነጋ።

3ኛ/ መሣሪያው የሚያገለግልበትና የማያገለግልበት ሁኔታ ይነገር። አንድ አስመጪ ሁለት መሣሪያዎች አሉት እንበል፤ አንደኛው በመጋዘን ያለውን ዕቃ፣ ሁለተኛው ገና በጅቡቲ ወደብ ያለውን ያሳያል። በሁለቱም ላይ «ስለ ዕቃ መረጃ ይሰጣል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ወኪሉ ገና ከወደብ ያልወጣውን ዕቃ ዛሬ ለማስረከብ ለደንበኛ ቃል ሊገባ ይችላል። ከዚህ ይልቅ፦ «በአዲስ አበባ መጋዘን ያለውንና ዛሬ ሊሸጥ የሚችለውን ዕቃ ብቻ ያሳያል። በጉዞ ላይ ላለ ዕቃ አያገለግልም፤ ለዚያ የጉዞ መዝገብ የሚባለው መሣሪያ ይጠራ» ቢባል ጥርጣሬው ይወገዳል።

4ኛ/ የሚመለከትና የሚፈጽም መሣሪያ ይለያዩ። ዋጋ አንብቦ የሚነግር መሣሪያ ቢሳሳት ሊታረም ይችላል፤ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ወይም ገንዘብ የሚከፍል ግን ከተሳሳተ በኋላ መመለሻው ከባድ ነው። ይህ በመግለጫው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ይሁን እንጂ ማሳሰቢያ ብቻ ስለማይበቃ፣ ገንዘብ የሚያወጣ መሣሪያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይሠራ በፕሮግራሙ ጭምር መታገድ አለበት።

5ኛ/ ሥራው ሳይሳካ ሲቀር የሚሰጠው መልስ ምክንያቱን ይናገር። «ዕቃው የለም» እና «መዝገቡ አልተከፈተም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱ ካልተለዩ ወኪሉ በመጋዘን ሞልቶ ያለውን ዕቃ አልቋል ብሎ ገዢውን ያሰናብታል።

መግለጫው ከተጻፈ በኋላ በሥራ ላይ ሳይውል መፈተን ይገባዋል። በመጀመሪያ ከንግድ ቤቱ ውጭ ለሆነ ሰው ይነበብለት፤ እርሱ የሚያነሣው ጥያቄ ሁሉ የጎደለውን ያመለክታል። ቀጥሎም ደንበኞች ዘወትር የሚያቀርቧቸውን አሥር ያህል ጥያቄዎች ለወኪሉ ሰጥቶ የትኛውን መሣሪያ እንደ መረጠና ምን ቁጥር እንዳስገባ መመልከት ነው። ስሕተት በታየበት ቦታ መግለጫው ይታረም። ከመጠን በላይ የረዘመ መግለጫም ዋናውን ነገር ስለሚሸፍን፣ ለምርጫው የማይረዳ ቃል ሁሉ ይውጣ።

በመጨረሻም መለኪያው፣ የዋጋው ደንብ ወይም መጋዘኑ በተለወጠበት ዕለት መግለጫውም አብሮ መለወጥ አለበት። ይህ ካልሆነ ወኪሉ በአሮጌው መግለጫ መሥራቱን ስለሚቀጥል፣ ክቡራን ነጋዴዎች ይህን ኃላፊነት በንግድ ቤታቸው ውስጥ ለአንድ ለታወቀ ሠራተኛ መስጠት ይጠቅማቸዋል።