ከምስጋና ቀን እስከ ገና የቆየው አጥንት

በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን ቤተ ሰቦችን በየዓመቱ አንድ ነገር ያሳስባቸዋል። የአገሩ የምስጋና ቀን የኖቬምበር ወር አራተኛው ሐሙስ እንዲሆን በሕግ ስለ ተወሰነ፣ ማግስቱ ምን ጊዜም ዓርብ ነው። እንግዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ‹ተርኪ› ከተባለው ትልቅ ወፍ የተረፈውን አጥንት ለሾርባ በሚጥድበት ቀን የእኛ ሰው ይጾማል። ኅዳር 15 ቀን ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከምትኖረው ታናሽ እኅቴ ቤት ተቀምጬ ነበርና ነገሩን በዓይኔ አየሁት። በዚያ ዓመት በዓሉ የዋለው ኅዳር 13 ቀን ነበር። ከራት በኋላ እኅቴ የተረፈውን ሥጋ ከአጥንቱ ለይታ፣ ሁለቱን ለየብቻ በከረጢት ቋጥራ ወደ ፍሪዘር አስገባች። «ጋሼ፣ ይህ ለገና ነው» አለችኝ። የበሰለ ሥጋ ከምድጃ በወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከቀዘቀዘ፣ በፍሪዘር ውስጥ አራት ወር ያህል ጣዕሙን ሳይለቅ ይቆያልና ስድስቱ ሳምንት አላሠጋንም። ሥጋቱ ሌላ ነበር።

በፊተኛው ዓመት ታናሺቱ ልጅ ሾርባ ስትጠጣ ቀጭን ስባሪ በጉሮሮዋ ተሰንቅሮ፣ አባቷ በጭንቅ አስተፍቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ያለበት ሾርባ ሲቀርብላት አፏን ትገጥማለች። በተርኪ እግር ሥጋ ውስጥ ጠንክረው ወደ አጥንትነት የተለወጡ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ ጅማቶች አሉ፤ ሥጋውን ብቻ አይቶ እነርሱን የሚረሳ አብሳይ ጥቂት አይደለም። አባትየው «ሕፃናት ከወጥ ቤት ይራቁ» ሲል፣ እናትየው «ራሷ ካልሠራችው አትበላም» ብላ ጸናች። እኔም መምህር ነኝና ከእናትየው ጋራ ወገንሁ።

ሾርባው የተሠራበት ‹ስሎው ኩከር› የሚባለው፣ ቀስ አድርጎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነው። የፈጠረው ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ አይሁዳዊ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በ1940 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈጠራ መብቱን አገኘ። አሳቡ የመጣለት ከእናቱ ወሬ ነው። በሊቱዌንያ ሳሉ፣ በሰንበት እሳት ስለማይነድ፣ የባቄላና የሥጋ ድስት ዋዜማውን ወደ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ተልኮ ሌሊቱን በቀሪው ሙቀት ይበስል ነበር።

ቅዳሜ ማታ ከረጢቶቹ ከፍሪዘር ወደ ማቀዝቀዣው ወረዱ። በረዶ የሆነ ሥጋ እንዳለ ወደዚህ ድስት አይገባም፤ ሙቀቱ እጅግ በዝግታ ስለሚጨምር በመካከሉ ተሕዋስያን ይራባሉና። እሑድ ታኅሣሥ 28 ቀን ገና ተከብሮ ሲመሽ፣ አጥንቱ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋራ ተጥዶ በዝቅተኛው ሙቀት አደረ። ሰኞ ጧት፣ ልጆቹ ሳይነሡ፣ እኅቴ መረቁን በጨርቅ ላይ አጥልላ፣ በጎድጓዳ ሳይሆን በዝርግ ዕቃ ከፋፍላ አቀዘቀዘችው።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ሥራ ያዙ። ሰባት ዓመት የሆነው ወንድሟ ካሮት ላጠ። እርሷ ጥቅል ጎመን በጣቷ ቦጫጨቀች፤ ድንችም ቁጠሪ ስትባል እስከ ስምንት ቆጥራ ስድስት አቀረበች። በዚህ ድስት ሥራ ሥር ከሥጋ ይልቅ ለመብሰል ስለሚዘገይ ድንቹና ካሮቱ ከታች ተነጠፉ፤ መረቁ ፈሰሰበት፤ ከፍተኛውም ሙቀት ተለኮሰ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የመብሰያው ጊዜ በሃያና በሠላሳ ደቂቃ ይራዘማል። ይህን ለልጁ ካስረዳሁት በኋላ ክዳኑን የከፈትሁት እኔ ነበርሁና፣ ተቆጣኝ።

ዋናው ሥራ ግን የሥጋው ነበር። እኅቴ ቀዝቃዛውን ሥጋ በሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታ «ጠንካራ ነገር ያገኘሽ እንደ ሆነ ከዚህ ስኒ ጨምሪው» አለቻት። ሕፃኒቱ ሥጋውን ክር ለክር እየፈታች ፈለገች፤ ሦስት መርፌ መሳይ ጅማትና አንድ ስባሪ አገኘች። እናቷ እንደገና ዳሰሰችው፤ እኔም ሦስተኛ ሆንሁ። ከዚያ በኋላ ሥጋው አንድ እፍኝ ቂንጬ ተጨምሮበት በመጨረሻው ሰዓት ገባ፤ የሙቀት መለኪያው 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪያሳይም ድረስ አልወጣም። የተረፈ ሾርባ በዚሁ ድስት አይሞቅም፤ በምድጃ ላይ እስኪፈላ ይሞቃል።

በገበታ ላይ ሕፃኒቱ ስኒዋን ይዛ መጥታ ከአባቷ ሳህን አጠገብ አኖረችው። እርሱም ማንኪያውን ሳያነሣ ስኒውን እያየ ቆየ። እርሷ ግን ሁለት ጊዜ ጎርሳ ነበር።

«አባዬ፣ ብላ» አለችው፤ «እኔ ፈልጌዋለሁ»።