የሩማቲክ የልብ በሽታ

የሩማቲክ የልብ በሽታ በወቅቱ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ክዳኖችን (ቫልቮችን) የሚጎዳ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ ሕጻናትንና ወጣቶችን ከሚያጠቁ ዋና ዋና የልብ ሕመሞች አንዱ ነው።

መንስኤ

በሽታው የሚጀምረው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያጠቃ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያንና ልብን ሊያጠቃ ይችላል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል፤ በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። የመገጣጠሚያው ሕመም ይድናል፤ በልብ ክዳን ላይ የሚቀረው ጠባሳ ግን አይጠፋም። ትኩሳቱ ከተደጋገመ ክዳኑ ይጠብባል፣ ወይም በደንብ ስለማይገጥም ደም ወደ ኋላ ይመለሳል።

ምርመራ

ሐኪሙ በማዳመጫ ያልተለመደ የልብ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። የጉዳቱ መጠን የሚታወቀው በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮካርዲዮግራፊ) ነው። የትንፋሽ ማጠርና የእግር እብጠት የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው።

ሕክምና

ታማሚው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል። መርፌው ትኩሳቱ እንዳይመለስ ያደርጋል እንጂ የተጎዳውን ክዳን አይጠግንም፤ ስለዚህ ሕመም ባይሰማም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም። ክፉኛ የተጎዳ ክዳን በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ወይም ይቀየራል። ሜካኒካል ክዳን የተገጠመለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳል፤ ደሙንም በየጊዜው ይመረመራል።

መከላከያ

በባክቴሪያው የመጣ የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ወይም በአሞክሲሲሊን በጊዜው ከታከመ ትኩሳቱን መከላከል ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ለመድማትና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።