ብረት ላይ ያረፈ እጅ፦ ቅርጽ ያለባቸውን ጥንታዊ ሪቮልቨሮች ስለ መመርመር



የዛሬው ርእሴ ለዚህ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ወደ ጥንታዊ ሽጉጦች የሳበኝ ተኩስ አይደለም፤ አንድ የማስረጃ ጥያቄ ነው። በብረት ላይ የተቀረጸ ሐረግ ከብረቱ ጋር አብሮ የተወለደ ይሁን፣ ወይስ ከመቶ ዓመት በኋላ የተጨመረ፣ በምን ይታወቃል? ሰብሳቢው የሚከፍለው ዋጋ፣ የታሪክ ተመራማሪውም የሚጽፈው ቃል በዚህ መልስ ላይ ይንጠለጠላል።

ሳሙኤል ኮልት ለተሽከርካሪ ሽጉጡ የአሜሪካን ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። በኋላ በሃርትፎርድ ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ የሚኮራው በማሽን በሚወጡ ተመሳሳይ ክፍሎች ነበር። ሆኖም መመሳሰልን የሚሰብከው ይኸው ሰው ጥቂት ሽጉጦችን በእጅ አስቀርጾና በወርቅ አስለብጦ ለነገሥታት ያበረክት ነበር። ለኦቶማኑ ሱልጣን ለቀዳማዊ አብዱልመጂድ የተሰጠው ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ጥንዱ የደረሰው ለሩሲያው ዛር ለቀዳማዊ ኒኮላስ ነው። ሁለቱ ነገሥታት በክራይሚያ ጦርነት ተፋላሚዎች እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ፤ ነጋዴው ግን ከሁለቱም ጋር ወዳጅ ነበር።

ጀማሪ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በ1851ዱ የኮልት «ኔቪ» ሲሊንደር ላይ፣ ማለትም ጥይት በሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1843 የቴክሳስና የሜክሲኮ መርከቦች ያደረጉት ውጊያ ይታያል። ሥዕሉ የዋተርማን ኦርምስቢ ነው፤ ነገር ግን በማሽን ተጠቅልሎ የታተመና ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሽጉጦች ላይ የተደጋገመ ነው። ያምራል፤ ብርቅ ግን አይደለም። ብርቅ የሚባለው እንደ ጉስታቭ ያንግና እንደ ሉዊስ ኒምሽኬ ያሉ ከጀርመን የፈለሱ ባለሙያዎች በመሮ የሠሩት ነው። ኒምሽኬ የሥራዎቹን ቅጂ በወረቀት ላይ እያተመ በደብተር ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው ይህ ስብስብ የእጁን ጠባይ ለማነጻጸር ያስችለናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ሰብሳቢ ሽጉጣቸውን እንዳይላቸው ጠየቁኝ። ሐረጉ የሚያምር ነበር። በአጉሊ መነጽር ስመለከት ግን የዝገት ጉድጓዶች አየሁ፤ የመሮውም መስመር ጉድጓዶቹን ሰንጥቆ፣ ጠርዙ ስል ሆኖ ያልፋል። ዝገቱ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ደግሞም መሬቱን ለቅርጽ ለማዘጋጀት ብረቱ ስለ ተሞረደ የፋብሪካው ጽሑፍ ደብዝዟል፤ ማእዘኖቹም ዶልዱመዋል። አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እንግዲያው ሐሰተኛ ነው?» አሉኝ።

መልሱ የሚመስለውን ያህል ቀላል አልነበረም። ከፋብሪካ ውጭ የተቀረጸ ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ ኒምሽኬ ራሱ ለኒው ዮርክ ነጋዴዎች ይቀርጽ ነበር። ስለዚህ የፋብሪካው መዝገብ ስለ ቅርጹ ዝም ማለቱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። የእርሳቸው ሽጉጥ ጉድለት ሌላ ነው፤ የዘመኑን ቅርጽ አስመስሎ ዕድሜውን ይዋሻል። ይባስ ብሎ፣ ከሥሩ የነበረውን ጌጥ የለሽ ነገር ግን እውነተኛ ገጽ በልቶታል። አሳምራለሁ ብሎ የሚወለውል ባለቤትም ያው ጥፋት ያጠፋል፤ ቀሪው ሰማያዊ ልባስ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

አዛውንቱ ሽጉጡን አልሸጡትም። ሣጥኑ ውስጥ «ቅርጹ የኋላ ዘመን ነው» የሚል ካርድ በእጃቸው ጽፈው፣ ቀኑን አስፍረው ፈረሙበት።